ከታናሽ እግር ሥር

ሃያ ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት ያገለገለ ሰው፣ የሚሠራበት መሣሪያ ስለተለወጠ ብቻ፣ በልጁ ዕድሜ ካለ አሠልጣኝ ፊት እንደ ጀማሪ ተማሪ ቁጭ ብሎ የመማር ግዴታ አለበት? ለዚህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መልስ የሚሰጡት የሰው ኃይል አስተዳዳሪዎችና የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ናቸው። መልሳቸውም አጭር ነው፤ ገበያው ከፈለገው ይማር፣ ካልተማረ ይቀራል። ኑሮን ለሚያስብ ሰው ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ግዴታ የሚለውን ቃል ያነሣ ሰው ከገበያ ወጥቶ ወደ ሥነ ምግባር ገብቷል። ማን በማን ላይ ምን የመጠየቅ መብት አለው? የሚጠይቀውስ በምላሹ ምን ዕዳ አለበት? የኔ አቋም፣ በጎልማሳነት እንደገና መማር እውነተኛ ግዴታ ነው የሚል ነው፤ ነገር ግን ለብቻ የሚሸከሙት ግዴታ አይደለም። ተማር ያለው ወገን የመማሪያውን እንጀራና ክብር ካላቀረበ፣ ያልተማረውን የመውቀስ መብቱን ያጣል።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት የታይፕ ጸሐፊዎችን ሙያ እናስታውስ። ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ፊደላችንን በጥቂት ደርዘን ቁልፎች ላይ ማስፈር ቀላል አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች የደከሙበት ብልሃት ነው። በአማርኛው የጽሕፈት መኪና ላይ ብዙው ፊደል በአንድ ምት አይወጣም፤ መጀመሪያ አካሉ ይመታል፣ ከዚያ እግሩ ወይም ቀለበቱ ይቀጠልበታል። ጎበዝ ታይፒስት ይህን ሁሉ ቁልፉን ሳታይ፣ ዓይኗን ከረቂቁ ሳታነሣ ትሠራው ነበር። ኮምፒውተር መጣና የግዕዝ ፊደል የሚጽፉ ፕሮግራሞች ተሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ተካተተ። በአዲሱ አጻጻፍ ጣት የሚከተለው የፊደሉን ቅርጽ ሳይሆን ድምፁን ሆነ፤ ተነባቢው ይመታል፣ አናባቢው ይከተላል። በዓመታት ልምምድ ጣቷ ላይ የሰፈረው ዕውቀት በአንድ ጊዜ ዋጋ አጣ። ያልጠፋው ግን ብዙ ነበር፤ ቁጥርና ቀን የት እንደሚገባ፣ ግልባጭ ለእነማን እንደሚደረግ፣ ለበላይ አካል የሚሄድ ደብዳቤ በምን ቃል እንደሚዘጋ፣ አለቃው በችኮላ ያረቀቀው ዓረፍተ ነገር የት ላይ እንደተፋለሰ ታውቃለች። አዲሱን ቁልፍ የሚያውቀው ወጣት ይህን አያውቅም። ሆኖም ወጣቱ በሩን የሚከፍተውን ስለያዘ ይገባል፤ እሷ ግን ዕውቀቷን ይዛ ከደጅ ትቀራለች። ዛሬ ተራው የሒሳብ ሠራተኛው፣ የባንክ ገንዘብ ከፋዩና የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ዓለም አቀፉን የሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ግዴታ አደረገ፤ ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ አሁን ደግሞ ደብዳቤ የሚያረቅ፣ ሪፖርት የሚያጠቃልል ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል።

ጎልማሳውን ከመማር የሚያግደው ምንድን ነው? አብዛኞቻችን ቶሎ የምንመልሰው ጭንቅላቱ ነው ብለን ነው። እኔ ከጭንቅላቱ በፊት ኀፍረቱን አስቀድማለሁ። በሙያው የተከበረ ሰው፣ ሌሎች ሊጠይቁት የሚመጡ ሰው፣ በድንገት የማያውቅ ሆኖ መታየት አለበት፤ ያውም በታናሹ ፊት። ይህ ኀፍረት በኛ ዘመን የተፈጠረ አይደለም። ፕላቶን ‹ኤውቲዴሞስ› በተባለው ድርሰቱ እንደሚተርከው፣ ሶቅራጥስ በሽምግልናው ኮኖስ ከሚባል መምህር የግሪኮቹን ክራር ይማር ነበር፤ አብረውት የሚማሩት ልጆች በእሱ ይሥቁበታል፣ መምህሩንም የሽማግሌ አስተማሪ እያሉ ያሾፉበታል። ሶቅራጥስ ታዲያ ምን አደረገ? ትምህርቱን አላቆመም፤ ልጆቹንም አልተቆጣም። ሌሎች ሽማግሌዎችን አግባብቶ አብረውት ተማሪ እንዲሆኑ ይዟቸው ሄደ። በፍልስፍና ታሪክ ከተነገሩት ትልልቅ ነገሮች አጠገብ ይህ ትንሽ ወሬ ሊመስል ይችላል። ለኔ ግን ስለ ጎልማሳ ትምህርት የተነገረ ዋና ነገር ነው፤ ኀፍረትን ሰው በግል ጀግንነት ብቻ አያሸንፈውም፣ ጓደኛ ሲኖረው ይቀለዋል።

ይህን እውነት የሀገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ከሁሉ በተሻለ ያውቀዋል። በጎጃም በዋሸራ ቅኔውን የዘለቀ፣ መምህር ለመባል የበቃ ሰው ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሲወርድ፣ ወይም አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር ሲሻገር፣ በአዲሱ ጉባኤ እንደገና ተማሪ ነው። ቅኔ ቤት የነበረው ማዕረግ ዜማ ቤት አይሠራለትም። ቀደም ብሎ የገባ ለጋ ልጅ ዘግይቶ የመጣውን ጎልማሳ ያስቀጽለዋል፤ ጎልማሳውም ከልጁ አፍ ይቀበላል። ይህን ውርደት ነው የሚል ሰው አልነበረም፤ ያስከብረውም የነበረው ይኸው ከጉባኤ ወደ ጉባኤ መዞሩ ነው። ሁለተኛው ነገር ግን ከዚህ ይበልጣል። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲቆም መንደሩ ይሰጠዋል። የሚሰጠው ሰው ዘመዱ አይደለም፤ ተማሪውም ነገ ተምሮ ሲጨርስ ወደ ሌላ አገር እንደሚሄድ ያውቃል። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላትም ደረሳው የሚኖረው ያገሬው ሰው በሚያበላው ነበር። ያ ዘመን ሁሉ ነገሩ የተሟላ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ተማሪው ይራብ ነበር፣ ውሻ ይነክሰው ነበር፣ በሽታ ይጥለው ነበር፣ ሴቶች ከዚያ ጉባኤ በአብዛኛው የራቁ ነበሩ። ሆኖም ሥርዓቱ አንድ ነገር በማያሻማ መንገድ ወስኗል፤ ትምህርት የተማሪው የግል ወጪ ሳይሆን የማኅበረሰቡ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ድጓ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም ድጓ ነው፤ አንድ ጊዜ የተማረው ሰው እስኪሞት ይዞት ይኖራል። የሶፍትዌር ዕውቀት ግን በጥቂት ዓመታት ያረጃል። ስለዚህ ሁለቱን ማነጻጸር ዘላለማዊውን ከሚያልፈው ጋር መቀላቀል ነው፤ ለሚያልፍ ነገር ደግሞ ሰው ክብሩን ዝቅ ሊያደርግ አይገባም። ይህን ተቃውሞ በግማሽ እቀበለዋለሁ። የቁልፍ አጫጫን ብቻ መማር ደካማ ትምህርት ነው፤ በየዓመቱ የሠልጣኙን ጊዜ ይበላል እንጂ አያሳድገውም። ነገር ግን በሙያ ውስጥ የሚያልፈውና የሚቀረው ተደራርበው ነው የሚኖሩት። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ጣሊያናዊ መነኩሴ የሁለትዮሽ ሒሳብ አያያዝን ዘርዝሮ በቬኒስ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1494 ነው። ከዚያ ወዲህ የላባ ብዕር ቀርቷል፣ ሌጀር መዝገብ ቀርቷል፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪም ለሌላ ሲስተም ቦታውን እየለቀቀ ነው። ዴቢትና ክሬዲት ግን አሁንም እኩል መምጣት አለባቸው። የቆየው የሒሳብ ሠራተኛ ይህን ጥልቅ ዕውቀት ይዟል፤ የአንድ ወር ሚዛን ሲዛባ ስሕተቱ ከየት እንደገባ የሚጠረጥር አፍንጫ አለው። የሚያልፈውን መማር ያለበት የሚያልፈው ስለሚበልጥ አይደለም፤ የሚቀረውን ዕውቀቱን ሥራ ላይ የሚያውልበት ሌላ በር ስለሌለው ነው። ማሽኑ ሪፖርቱን በሚያረቅበት ጊዜ ደግሞ ይህ ዕውቀት ይበልጥ ይፈለጋል፤ ረቂቁ ልክ መሆን አለመሆኑን አይቶ የሚፈርመው፣ ተጠያቂም የሚሆነው ሰው ነውና።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ዕድሜ ነው፤ ካረጁ ወዲያ ትምህርት አይገባም ይባላል። ይህ የሚመረመር ነገር ነው፣ ተመርምሮም ያውቃል። የለንደን ታክሲ ነጂዎች ፈቃድ ለማግኘት ሃያ አምስት ሺህ ያህል ጎዳናዎችን በቃል ማጥናት አለባቸው፤ ጥናቱም ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። ኤሊኖር ማጓየርና ባልደረባዋ እጩዎቹን ከመጀመሪያው ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ተምረው ፈተናውን ባለፉት ጎልማሶች አእምሮ ውስጥ ቦታን የማስታወሱ ሥራ በሚከናወንበት ክፍል የኋለኛው ወገን ላይ ለውጥ ታይቷል፤ ባላለፉት ላይ አልታየም። የጎልማሳ አእምሮ ደርቆ የቀረ አይደለም ማለት ነው። ይኸው ጥናት ሌላም ነገር አግኝቷል፤ ያለፉት ሰዎች በአንድ ዓይነት የማስታወስ ፈተና ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርተዋል። አዲስ ዕውቀት ሲገባ ቦታ ይጠይቃል፣ ዋጋም ያስከፍላል። ፍጥነት ከዕድሜ ጋር እንደሚቀንስም መካድ አይገባም። ወጣት በአንድ ሳምንት የሚይዘውን ጎልማሳ በሦስት ሳምንት ሊይዘው ይችላል። ይህ ግን አይችልም ለማለት አያበቃም፤ የሚያረጋግጠው ጊዜ ሊሰጠው እንደሚገባ ነው።

ከራሳችን ታሪክም ማስረጃ አለን። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሽማግሌና ባልቴት፣ ገበሬና የቤት እመቤት ከተማሪ ልጆች ፊት አስቀምጦ ፊደል አስቆጥሯል። በዓመቱም ኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝታለች። ዘመቻው የተካሄደው በደርግ ዘመን ነው፤ የዘመኑን አስገዳጅነት መርሳት አይቻልም። ቢሆንም አንድ ነገር አሳይቷል። አያት ከልጅ ልጁ እኩያ ‹ሀ ሁ› ሲቀበል ያላፈረው ጎረቤቱም አብሮት ስለተቀመጠ፣ አገር ሁሉ ነገሩን እንደ ክብር ስላየው ነው። ድክመቱም እኩል ያስተምራል። ፊደል የቆጠሩ ብዙዎች የሚያነቡት ስላጡ የተማሩትን መልሰው ረስተዋል። ሠራተኛን ለሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ አሠልጥኖ፣ ምስክር ወረቀት ሰጥቶ፣ ወደ ድሮው ጠረጴዛና ወደ ድሮው ሥራ የሚመልስ መሥሪያ ቤት ያንኑ ስሕተት እየደገመ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ከእምነት ወገን የሚመጣው ነው። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነው፤ ዋጋው የሚለካው ቀጣሪ በመፈለጉ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ገበያውን እያሳደደ ራሱን እንደ ሸቀጥ ሲያሳምር የሚኖር ሰው ነፍሱን መቼ ያስባል? በወንጌል ስለ ሰማይ ወፎችና ስለ ሜዳ አበቦች የተነገረውስ ምን ሊሆን ነው? የዚህን ተቃውሞ መነሻ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ሥራ ያጣ ሰው ከክብሩ ቅንጣት አልጎደለም፤ ይህን የማያምን ሥርዓት ስለ ሥልጠና ቢናገርም ስለ ሰው አልተናገረም። ነገር ግን ያ የወንጌል ትምህርት የሚከለክለው ጭንቀትን እንጂ ሥራን አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ እንጀራውን ያገኝ ነበር፤ የእጅ ሙያው ከሐዋርያነቱ አልቀነሰበትም። በእስልምናም ተወኩል (በአላህ መመካት) ማለት ግመልን ሳያስሩ ለቆ መሄድ እንዳልሆነ የሚያስተምረው ሐዲስ የታወቀ ነው። ልዩነቱ ያለው ከመነሻው ላይ ነው። ‹ካልተማርኩ ከንቱ ነኝ› ብሎ የሚማር ሰው በፍርሃት ይማራል፤ ፍርሃት ደግሞ ጥያቄ መጠየቅን ይከለክላል፣ አለማወቅን ያስደብቃል። ‹ክቡር ነኝ፣ ሰዎችንም የማገለግልበት ሙያ ተሰጥቶኛል፣ ስለዚህ ልማር› የሚል ሰው ግን አላውቅም ማለት አያስፈራውም። ትሕትና የሚቻለው ክብሩ እንደማይወሰድበት ለሚያውቅ ሰው ነው።

ከተማሪው ወደ አሠሪው ዕዳ እንለፍ። አርስቶትል ‹ፖለቲካ› በተባለው መጽሐፉ፣ የሸማኔው መወርወሪያ ራሱን ችሎ ቢሸምን ኖሮ ጌቶች አገልጋይ ባላስፈለጋቸው ነበር የሚል ሐሳብ ያነሣል። ሃያ ሦስት ክፍለ ዘመን ቀድሞ መታሰቡ ይደንቃል። ያላነሣው ጥያቄ ግን አለ፤ መወርወሪያው ራሱ ሲሸምን ሸማኔው ምን ይበላል? እሱ ነገሩን ያየው ከጌታው ወገን ሆኖ ነው። ዛሬም ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ የምንሰማው ንግግር አብዛኛው ከዚያው ወገን ነው። ስንት ሰዓት እንደቆጠበ፣ ስንት ሰው እንደተካ ይነገረናል፤ በተቆጠበው ሰዓት ማን ምን እንደተማረ አይነገረንም።

ሕጋችን ይህን ጉዳይ ጨርሶ አልዘለለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 28፣ ሠራተኛ ለሥራው የሚያስፈልገው ችሎታ ስለጎደለው የሥራ ውሉ በማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ የሚችልበትን ሁኔታ ሲዘረዝር፣ አሠሪው ያዘጋጀለትን የሥልጠና ዕድል አልቀበልም ማለቱን ወይም ሠልጥኖም ችሎታውን መያዝ አለመቻሉን ያነሣል። ይህ ፍትሐዊ ሚዛን ነው፤ መጀመሪያ ዕድሉ ይቅረብ፣ ወቀሳው ከዚያ ይምጣ ይላል። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ምርታማነትን ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ ለማስገባት መወሰንን ራሱን የቻለ የስንብት ምክንያት አድርጎ ይቀበላል፤ እዚያ ላይ ያንኑ የሥልጠና ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጥም። ስለዚህ አንድ ድርጅት ‹አንተ አልቻልክም› ካለ ማሠልጠን ይጠበቅበታል፤ ‹ማሽኑ መጣ› ካለ ግን ከዚያ ሸክም ሊያመልጥ ይችላል። ሰውየው አንድ ነው፣ ጉዳቱም አንድ ነው። በሥነ ምግባር ዓይን ሁለተኛው በር የመጀመሪያውን ዕዳ ሊሰርዝ አይችልም።

አሠሪዎች በበኩላቸው፣ ያሠለጠንነው ሰው ነገ ለተወዳዳሪያችን ይሠራል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይሄዳል። የቆሎ ተማሪውም ይሄድ ነበር። መንደሩ ግን አኮፋዳውን ባዶ አልመለሰም፤ ምክንያቱም እሱ ራሱ የሚቀድስለት ካህን የተማረው በሌላ መንደር እንጀራ ነው። ሁሉም ድርጅት ሌላው ያሠለጠነውን ለመቅጠር ብቻ ከጠበቀ የሠለጠነ ሰው ከየትም አይመጣም። ትንንሽ ድርጅቶች ብቻቸውን የማይችሉት ወጪ እንዳለ እረዳለሁ፤ የሙያ ማኅበራትና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እዚህ ላይ ሊገቡ ይገባል። መንግሥት ሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል፤ መልካም ነው። ትምህርቱ በነጻ ቢሆንም ሰዓቱ ግን ነጻ አይደለም። ቀን ሥራ ውላ፣ ማታ ልጆቿን አብልታ አስተኝታ፣ መብራትና ኔትወርክ ካለ በእኩለ ሌሊት ስልኳን የምትከፍት እናትን ‹ዕድሉ ተሰጥቶሽ አልተጠቀምሽም› ማለት ግፍ ነው። ጎልማሳ የሚጎድለው ከሁሉ በላይ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን መስጠት የሚችለውም ቀኑን የገዛው አሠሪው ነው።

ጊዜም ጓደኛም ተሰጥቶት የማይሳካለት ሰው እንደሚኖር አልክድም። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት የቀረውን የሃምሳ ሰባት ዓመት ሠራተኛ አዲሱን ሲስተም ካልለመድክ ብሎ ማባረር ስስት ነው። ከአንድ ወጣት ጋር አጣምሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ወጣቱ ቁልፉን ይጫን፣ አንጋፋው ሒሳቡ ልክ መሆኑን ይይ፣ ሁለቱም በሦስቱ ዓመት ውስጥ እርስ በርስ ይማማሩ። ልማር አልልም፣ ድሮ የማውቀው ይበቃኛል የሚለው ደግሞ ጊዜው፣ ገንዘቡና መምህሩ ቀርቦለት እምቢ ካለ፣ በሥራው ላይ የሚደገፉ ባለጉዳዮችን እየበደለ ነውና ወቀሳው ይገባዋል። ባንክ መስኮት ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው የሠራተኛውን ኩራት ዋጋ እንዲከፍል አይፈረድበትም።

ስለዚህ መሥሪያ ቤታችሁ አዲስ ሲስተም ሊያስገባ መሆኑን ስትሰሙ ዝም አትበሉ። ለሥልጠና ከሥራ ሰዓት ስንት ሰዓት እንደተመደበ፣ ከሥልጠናውም በኋላ የምትለማመዱበት ጊዜ እንዳለ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማኅበር ካላችሁ በማኅበራችሁ በኩል ጠይቁ። እንደ እናንተ ያፈረ የሥራ ባልደረባ ካለ ይዛችሁት ግቡ። እናንተ ወጣቶች ደግሞ፣ ታላቃችሁ ‹ይሄ የት ነው የሚጫነው?› ብሎ ሲጠይቃችሁ ማውሱን ከእጁ አትንጠቁት። ቦታውን አሳዩት፣ እሱ ራሱ ይጫነው፣ ሲሳሳትም ደግማችሁ አሳዩት።